የሐረሩ አናጢ ቀፎ፣ ከአንድ ክረምት በኋላ

ይህን ለመጻፍ ክረምቱ እስኪወጣ ጠበቅኩ። ጥር ላይ ቀፎ ገዝቶ የካቲት ላይ ማመስገን ቀላል ነው። በበጋ የማያምር ቀፎ የለም። ፈተናው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ደንገጎ ላይ ጉሙ ወርዶ እስከ ረፋድ አልገፈፍ ሲል፣ ሳጥኑ ከውስጥ ሲያልበው፣ ንቦቹ መሐል ላይ ተጠጋግተው ጠርዝ ጠርዙ ላይ ያለው እጭ ሲበርደው፣ ያኔ ነው የአናጢ ሥራ የሚታየው። አሁን ጥቅምት ነው። ሳጥኖቹን አንድ በአንድ ከፍቼ አይቻለሁ። እንግዲህ ልናገር።

የምኖረው ድሬ ነው፣ ሳቢያን። ንቦቼ ግን ደንገጎ ላይ የቤተሰብ ማሳ ዳር ናቸው። ከድሬ ወደ ሐረር ሽቅብ ስትወጡ ሙቀቱ ድንገት ጥሏችሁ የሚሄድበት፣ ጆሮ ጭው የሚልበት ቦታ አለ አይደል? እዚያ። ለሰው ደስ ይላል። ለንብ እጭ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እጭ ያለበት ቦታ 34 እና 35 ዲግሪ መካከል መቆየት አለበት። ድሬ ታች ያሉት ንቦች የሚደክሙት ቤታቸውን ለማቀዝቀዝ ነው፤ የእኔዎቹ ደግሞ ለማሞቅ።

ነገሩ የጀመረው ካቻምና ግንቦት ነው። ሦስት ያገለገሉ የፍሬም ቀፎዎች፣ ንቦቹ የሚሠሩበት ተነቃይ የእንጨት ክፈፍ ያላቸው፣ በደላላ ገዛሁ። የሆነ ፕሮጀክት ሲያልቅ የቀሩ ናቸው ተባልኩ። ዋጋቸው የአዲሱ ግማሽ። እንጀራቸውም፣ ማለት ንቦቹ ከሰም የሠሩት ቤት፣ አብሮ አለ። ደላላው ይህን እንደ ምርቃት ነበር የነገረኝ፦ "አቦ የተሠራ እንጀራ ይዘህ ትሄዳለህ፣ ንቦቹ ማር መሙላት ብቻ ነው የሚቀራቸው!" እንጀራው ጥቁር ነበር። ጥቁር ስል እንደ ምጣድ ማለቴ ነው። ለፀሐይ ብትይዙት ብርሃን አያሳልፍም። ዛሬ ባየው ዘወር ብዬ እሄዳለሁ። ያኔ ግን ርካሽ ነገር ዓይን ያሳውራል፣ ተሸክሜ ሄድኩ።

ነሐሴ ላይ እናቴ ቀፎዎቹ አጠገብ ቆማ "እዚህ ጋ ሩዝ ማን ደፋ?" አለችኝ። እውነትም ሩዝ ይመስላል። ከቀፎው በር ፊት ለፊት፣ መሬቱ ላይ፣ ንቦቹ እየጎተቱ የጣሏቸው ነጫጭ ነገሮች። አንዷን አነሳሁ። ቀላል ናት፣ ደረቅ ናት። በጥፍሬ ስጫናት እንደ ጠመኔ ተፈረፈረች። ጥቂቶቹ ነጭ፣ ጥቂቶቹ ግራጫ፣ አንዳንዶቹ ጠቁረው ነበር። ፍሬም አውጥቼ ስነቀንቀው ሽምብራ እንደያዘ ጣሳ ተንኳኳ። ያ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። በሰም የተከደነ እጭ እንኳን ሊንኳኳ ድምፅም የለው። ውስጡ የሞተና የደረቀ ካልሆነ በቀር።

ድሬ ወርጄ አንድ የእንስሳት መድኃኒት መሸጫ ገባሁ። ስሙን ተዉት። ልጁ የነገርኩትን ግማሹን ሳይሰማ ብጫ ዱቄት አወጣ። ኦክሲቴትራሳይክሊን። ለዶሮ የሚሰጠው። "በስኳር ውኃ በጥብጠህ ስጣቸው፣ በሳምንት ያልፋል" አለኝ። ሰጠኋቸው። በሳምንት አላለፈም። በሁለተኛው ሳምንት ይልቅ ከሦስቱ አንዱ መንጋ ብድግ ብሎ ኮበለለ። ባዶ ሳጥን፣ ጥቁር እንጀራ፣ እና የሚንኳኩ እጮች።

በኋላ የወረዳው ባለሙያ መጥቶ አይቶ ሳቀ። በእኔ አይደለም፣ በዱቄቱ። በሽታው ቾክብሩድ ይባላል፤ እኔ የጠመኔ በሽታ ነው የምለው። ፈንገስ ነው፣ ሻጋታ በሉት። ኦክሲቴትራሳይክሊን ደግሞ የባክቴሪያ መድኃኒት ነው። ለሻጋታ ባክቴሪያ ገዳይ መስጠት ለራስ ምታት የእግር ቅባት እንደመቀባት ነው። ከዚያ ብሶ ማሩ ውስጥ ቅሪት ይተዋል። ኢትዮጵያ ማር ወደ አውሮፓ ኅብረት ለመላክ የተፈቀደላት በ2008 በፈረንጆች ነው፣ እነሱ ደግሞ ማር ውስጥ አንቲባዮቲክ ሲያገኙ ቀልድ አያውቁም። እኔ ወደ አውሮፓ የምልከው ማር የለኝም፣ እውነት ነው። ግን ልጆቼ ይበላሉ።

ታዲያ ለጠመኔ በሽታ መድኃኒቱ ምንድን ነው ስለው ሦስት ነገር ነገረኝ። ደረቅ ቤት፣ አዲስ እንጀራ፣ ጠንካራ መንጋ። "መድኃኒትህ አናጢ ጋ ነው" አለኝ።

ወደ ሐረሩ ሰውዬ የወሰደኝ ይህ ነው።

ሱቁ ከጁገል ግንብ ውጭ ነው፣ በሸዋ በር በኩል። ታፔላ የለውም። ስሙን አልጽፍም፣ ፈቃዱንም አልጠየቅኩም። በር ይሠራል፣ አልጋ ይሠራል፣ ቁም ሳጥን ይሠራል፣ በመሐል ቀፎ ይሠራል። በዕድሜ አባቴን ያህላል። ጋሼ እለዋለሁ፣ ግን "አንተ" እያልኩ ነው የማወራው። የድሬና የሐረር ሰው ይገባዋል፤ ሌላ አገር ያላችሁ እንዳትቀየሙኝ፣ እዚህ "አንቱ" ብትሉት ምን አስቀየምኩህ ብሎ ይጠይቃችኋል።

መጀመሪያ ስሄድ የሸጠኝ ነገር የለም። ጥያቄ ነው የጠየቀኝ። የት ነው የምታስቀምጠው? ነፋሱ ከየት ነው? አሮጌዎቹ ሳጥኖች የት ናቸው? ስነግረው ሰምቶ ከኪሱ ቁራጭ እንጨት አወጣ፣ ከክብሪት ሣጥን ያነሰች። 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት አላት። "በዚህች ነው የምሠራው" አለኝ። ፍሬምና ግድግዳ መሐል፣ ፍሬምና ክዳን መሐል፣ ሁሉም ቦታ ይህች እንጨት ማለፍ አለባት። ሳትጠብ ሳትላላ። ክፍተቱ ከ6 ሚሊ ካነሰ ንቦቹ በሙጫ ይደፍኑታል። ከ9 ከበለጠ ደግሞ እንጀራ ይሠሩበታል። በመሐሉ ያለውን ለመተላለፊያ ይተዉታል። ይህን የንብ መንገድ ለቀፎ ሥራ የተጠቀመበት ላንግስትሮት የሚባል አሜሪካዊ ቄስ ነው፣ በ1851 በፈረንጆች። አናጢው ላንግስትሮትን አያውቀውም። እንጨቷን ግን ያውቃታል።

ይህ ከበሽታ ጋር ምን አገናኘው ትሉኝ ይሆናል። እኔም ብያለሁ። መልሱ የገባኝ አሮጌዎቹን ሳጥኖች ሳስታውስ ነው። ፍሬሞቻቸው በሙጫ ስለተጣበቁ አንዱን ለማውጣት መሮ ይዤ መታገል ነበረብኝ። ንብ ይጨፈለቃል፣ የተጨፈለቀው ይሸታል፣ ሌሎቹ ይቆጣሉ፣ እኔም ዓይነ ርግቤ ውስጥ በላብ ታጥቤ "ለሚቀጥለው ሳምንት" ብዬ እዘጋለሁ። የሚቀጥለው ሳምንት ወር ይሆናል። በሽታው የጀመረው ምናልባት ሰኔ ላይ ነው፣ እኔ ያየሁት ነሐሴ ላይ። እናቴ ሩዝ ባትል ኖሮ መስከረም ላይም አላየውም ነበር። ያለ ትግል የማይከፈት ቀፎ አይከፈትም፣ በቃ። ያልተከፈተ ቀፎ ውስጥ ያለን በሽታ ደግሞ ጎረቤት ነው ቀድሞ የሚያውቀው።

አዲሱን ቀፎ በ10 ደቂቃ ከፍቼ፣ አይቼ፣ እዘጋለሁ። ለዚህ ብቻ ገንዘቡ ይገባዋል እላለሁ።

ዕቃውን በዝርዝር ልንገራችሁ። ዛንደር የሚባለው ዓይነት ነው፣ 10 ፍሬም የሚይዝ፣ አገራችን ውስጥ በብዛት የሚታየው። ጣውላው የፈረንጅ ጥድ ነው። ከውስጥ ቀለም አልተቀባም፣ ደግ አደረገ። ከውጭ ብቻ ነው የተቀባው። ወለሉ ተነቃይ ነው። ይህን አታሳንሱት። አሮጌዎቹ ወለላቸው በሚስማር የተመታ ስለነበር ከሥር የተጠራቀመውን ቆሻሻ፣ የሰም ፍርፋሪ፣ የሞተ ንብ፣ የደረቀ እጭ፣ ለማውጣት ቤቱን ሁሉ መበተን ነበረብኝ። አሁን ሳጥኑን ሁለት ሆነን እናነሳለን፣ ወለሉን እናወጣለን፣ በመሮ እንፍቃለን፣ እንመልሳለን። ወለሉ ወደ ፊት ትንሽ እንዲያዘነብል ከኋላ በኩል የሁለት ጣት ድንጋይ አስቀመጥኩ። ዝናብ በበሩ ከገባ በበሩ ይወጣል።

ክዳኑ ላይ ግን ተጣላን። ቆርቆሮ ነው፣ እሺ። ግን ቆርቆሮውን በቀጥታ ነበር የመታው፣ ከሥሩ ምንም የለም። ደንገጎ ላይ ሌሊት ቆርቆሮ ይቀዘቅዛል፣ ከሥር የሚወጣው የንቦቹ ትንፋሽ እዚያ ላይ ውኃ ሆኖ ተመልሶ እጩ ላይ ይንጠባጠባል። ሻጋታ ሌላ ምን ይፈልጋል? መልሼ ወሰድኩት። ኮምፔንሳቶ ከሥር አስገባበት፣ በሁለቱ ጎን ደግሞ በወንፊት ሽቦ የተሸፈኑ ትናንሽ የአየር ቀዳዳዎች በሳ። ጥሩ ሠራ። ግን ለኮምፔንሳቶው አስከፈለኝ። ከመጀመሪያው ሊኖር የሚገባውን ነገር ነው ያስከፈለኝ፣ ይህን አልረሳለትም። ስታዝዙ ከመጀመሪያው ንገሩት።

በሩም ሰፊ ነው። የምሥራቁ ንብ ትንሽ ነው፣ መንጋውም ክረምት ላይ አይበዛም፤ ሰፊ በር ለመጠበቅ ሰው ያንሰዋል። ጉንዳንም ብርድም ይገባል። እኔ ራሴ ቁራጭ እንጨት ጠርቤ ግማሹን ዘጋሁት። መስከረም ላይ አበባው ሲበዛ አነሳሁለት።

ፍሬሞቹ? ጥሩ ናቸው፣ ከአንዱ ቀፎ ወደ ሌላው ስታዛውሩ ይገጥማሉ። ሽቦው ግን ላልቷል። ከ20ው ፍሬም የስድስቱን እንደገና ወጥሬዋለሁ።

ስለ ሰም ረዘም አድርጌ ልናገር፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ብዙ ሰው አይጠይቅም። አናጢው የታተመ የሰም እንጀራ፣ ማለት የእንጀራ ዓይን ቅርጽ የተመታበት ስስ የሰም ወረቀት፣ ከአንዲት ሴትዮ እየገዛ አብሮ ይሸጣል። ሰሙ ከየት ነው አልኩት። ከጠጅ ቤት። አያስደንቅም፣ አገራችን ውስጥ አብዛኛው ሰም የሚመጣው ከጠጅ ቤት ሰፈፍ ነው። ሰፈፉ ግን የማን ማር ሰፈፍ ነው? ከስንት ቀፎ? ታማሚ ቀፎ ነበረበት? ማንም አያውቅም። ሰም ማቅለጥ ደግሞ ሁሉን አይገድልም። አሜሪካን ፎልብሩድ የሚባለው የእጭ በሽታ ዘሩን እንደ ፍሬ አድርጎ ይተዋል፤ ያ ዘር ከ40 ዓመት በላይ ቆይቶ ይነሳል፣ የፈላ ውኃም አይበግረውም። የእኔ በሽታ እሱ አልነበረም። ግን አንዴ የተቃጠለ ሰው እርጎ ሲያይ እፍ ይላል ይባል የለ።

ስለዚህ ሙሉውን የሰም ወረቀት ትቼ ሦስት ጣት ስፋት እየቆረጥኩ ከፍሬሙ አናት ላይ ብቻ ለጠፍኩ። የቀረውን ራሳቸው ሠሩት። ሁለት ጥቅም አገኘሁ። አንደኛ የሌላ ሰው ሰም ወደ ቤቴ ብዙ አልገባም። ሁለተኛ የማተሚያው ዓይን ለፈረንጅ ንብ የተሠራ ትልቅ ዓይን ነው፣ 5.3 ሚሊ አካባቢ፤ የእኛዎቹ የሚሠሩት ከ5 ሚሊ ያነሰ ነው። በራሳቸው ልክ ሲሠሩ እንጀራው ያምራል። ጉዳቱ ጊዜ ይፈጃል። ስኳር ውኃ ይፈልጋል። በየሦስት ቀኑ ደንገጎ ወጥቼ ስሰጥ የሚኒባሱ ረዳት ቤተሰብ ሆኗል።

ሦስተኛው አገልግሎት እሳት ነው። ሰውዬው አሮጌ ሳጥን ይለበልባል። ቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት እሳት የሚተፋ ጋዝ አለው፣ የሳጥኑን ውስጥ በሙሉ እንጨቱ የቡና ቀለም እስኪይዝ ያስኬድበታል። የሐረር ሰው ስለ ቡና ቀለም ሲናገር ማመን ነው። "ከሰል ካረግኩት እንጨቱ ይሞታል፣ ቢጫ ከተውኩት ሻጋታው ይተርፋል" አለኝ። ከሦስቱ አሮጌ ሳጥኖቼ አንዱ በስብሶ ስለነበር ማገዶ ሆነ። ሁለቱን ለበለበልኝ። ዋጋው ትንሽ ነው፣ አትከራከሩት። ግን ሳትወስዱ በፊት ማዕዘኖቹን እዩ። የአንዱ ሳጥን ግድግዳ ቡና ሆኖ አራቱ ማዕዘን ነጭ ቀርቶ ነበር። የማያመቸው ቦታ ነው፣ በሽታም የሚደበቀው እዚያ ነው። ሳሳየው ሳይነጫነጭ ደገመው።

አሮጌዎቹን ፍሬሞችና እንጀራዎች ግን ማንም እንዲለበልብልኝ አልፈለግኩም። ጉድጓድ ቆፍሬ አቃጥዬ አፈር መለስኩበት። ጎረቤት "ሰሙን ለምን አትሸጠውም?" አለኝ። ለማን? ለጠጅ ቤት? ከዚያ ተመልሶ ታትሞ እንዲመጣልኝ?

ማዛወሩን ጥር ላይ ምሽት ነው ያደረግነው። ከአሮጌው ፍሬም ንቦቹን አራግፈን አዲሱ ሳጥን ውስጥ ጣልናቸው፣ ንግሥቲቱን ፈልገን አስቀደምናት፣ የታመመውን እጭ ሁሉ ለጉድጓዱ። የሚያሳሳ ነገር ነው፣ በመሐሉ ብዙ ጤነኛ እጭ አለና። እናቴ አላስችላት ብሎ ገባች። ግን በሽተኛ እጭ ይዞ አዲስ ቤት መግባት ምን ዋጋ አለው።

አንድ ጊዜ ስለ ማየት ልናገር፣ ቀፎ ከፍታችሁ ምን እንደምታዩ ካላወቃችሁ የ8 ሚሊዋ እንጨት ለእናንተ ምንም ናት። ጤነኛ እጭ ነጭ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ያበራል፣ በእንጀራው ዓይን ሥር እንደ ማጭድ ጎብጦ ይተኛል። እንቁላሉ በ3 ቀን ይፈለፈላል፣ እጩ ስድስት ቀን ያህል ይበላል፣ ይከደናል፣ ሠራተኛዋ ከእንቁላል ጀምሮ በ21 ቀን ገደማ ትወጣለች። ክዳኑ ሙሉ ምጣድ እንደ ሸፈነ እንጀራ መያያዝ አለበት። እዚህም እዚያም ባዶ ዓይን ከበዛ ጠርጥሩ። ሳይከደን በፊት ተጣምሞ፣ ቢጫ ሆኖ የሞተ እጭ ካያችሁ፣ ሲሸት ደግሞ ጎምዘዝ የሚል ከሆነ፣ ዩሮፒያን ፎልብሩድ የሚሉት ሊሆን ይችላል፣ ያም ባክቴሪያ ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚበረታው መንጋው ሲራብና ሲደክም ነው። ከተከደነ በኋላ ከሞተ፣ ክዳኑ ወደ ውስጥ ሰርጎ ቀዳዳ ካበጀ፣ ክብሪት ክተቱበትና ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ቡናማ ሆኖ እንደ ማስቲካ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ከተሳበ ዝጉት። ዕቃችሁን ወደ ሌላ ቀፎ አትውሰዱ። ባለሙያ ጥሩ። ያ አሜሪካን ፎልብሩድ የሚባለው ነው፣ ለእሱ ዱቄት ብትሰጡት ይደበቃል እንጂ ዘሩ አይሞትም፤ በብዙ አገር የሚቃጠለው ቀፎው ራሱ ነው። ከተንኳኳ ደግሞ የእኔው ጠመኔ ነው። ከጠመኔዎቹ ጥቁሮቹን በተለይ አትበትኑ፣ ዘር ያፈራው ሻጋታ እሱ ነው።

በነገራችን ላይ በር ላይ የሞቱ ትልልቅ ንቦች በአንድ ቀን ክምር ካገኛችሁ ያ የእጭ በሽታ አይደለም። ያኔ ማን መድኃኒት እንደረጨ ጎረቤት ጠይቁ። ጫት ያለበት አገር ነው ያለነው።

ውጤቱስ? ሁለቱ አዲስ ቀፎዎች ክረምቱን ሙሉ ንጹሕ ሆነው ወጡ። አንድ ጠመኔ አላየሁም። ከተለበለቡት ሁለት ሳጥኖች በአንዱ መጋቢት ላይ የመጣ አዲስ መንጋ ገብቶበት ነበር። እዚያ ነሐሴ ላይ ሰባት ጠመኔ ቆጠርኩ፣ በሩ ላይ። ልቤ ደነገጠ። በሩን አጠበብኩ፣ የሚበዛውን ባዶ ፍሬም አውጥቼ መንጋው በሚሞላው ቦታ ላይ ሰበሰብኩት፣ ስኳር ውኃ ሰጠሁ። መስከረም 10 ላይ ስመለስ ምንም የለም። ራሳቸው ጠርገው ጨርሰዋል።

ይህን ሁሉ ቀፎው አደረገው ብል እዋሻለሁ። ቦታውንም ቀይሬያለሁ፤ ድሮ ግንብ ሥር ጥላ ውስጥ ነበሩ፣ አሁን የጠዋት ፀሐይ ቀድሞ የሚያገኛቸው ቦታ ላይ ናቸው፣ ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ብለው፣ የመቆሚያው እግሮች የተቃጠለ ዘይት ያለበት ጣሳ ውስጥ። የአንዱንም ንግሥት ለውጫለሁ። የዚያ ቤት ልጆች ቆሻሻ አይጠርጉም ነበር፣ ንብም እንደ ሰው ነው፣ ሰነፍ ቤት አለ። አሮጊቷን አስወግጄ ብርቱ ከሆነው መንጋ እንቁላል ያለበት አዲስ እንጀራ ሰጠኋቸው፣ ራሳቸው ንግሥት አወጡ። ስለዚህ ከምስጋናው ስንት በመቶ ለአናጢው፣ ስንት ለፀሐዩ፣ ስንት ለንግሥቲቱ እንደሆነ ክፍፍሉን ለእናንተ ትቼዋለሁ። ግን ያ ሳጥን እንደ ድሮው ፍሬሙ በሙጫ ተጣብቆ ቢሆን ሰባቱን ጠመኔ ሰባ ሆኖ ነበር የማየው። ይህን በእርግጠኝነት እላለሁ፣ ምክንያቱም አልከፍተውም ነበር።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ ለሳጥኑ ከ10 ስምንት፣ ለክዳኑ አምስት፣ ለእሳቱ ዘጠኝ። ለቀጠሮው ግን ሁለት። ሁለት ሳምንት ብሎኝ አምስት ሳምንት ፈጀበት። በየሳምንቱ "ነገ ና" ነው። አንዴ ለመውሰድ ብዬ ከድሬ ድረስ ወጥቼ ቀፎዬ ላይ የሰው ምሳ ዕቃ ተቀምጦበት አገኘሁ፣ ገና ጎኑ አልተመታም። ተናድጄ ልሄድ ስል ቁጢ፣ የቡና ቅጠል ሻይ፣ አስቀዳልኝ። ቁጢ ጠጥቶ የሚናደድ ሰው የለም፣ እሱም ያውቀዋል።

ዋጋው ድሬ ካየኋቸው አዲስ ቀፎዎች ጋር ተቀራራቢ ነው። በደላላ ከሚሸጠው አሮጌ ደግሞ እጥፍ። ቁጥር ያልጻፍኩት ጣውላ በየወሩ ስለሚጨምር ነው፣ ዛሬ ብጽፍላችሁ ነገ ከእሱ ጋር ታጣሉኛላችሁ። የኮበለለውን መንጋ፣ የዱቄቱን ብር፣ ያጣሁትን የአንድ ዓመት ማር ስደምረው ግን ርካሹ ቀፎ ነው የተወደደብኝ።

ለመሄድ ካሰባችሁ ጠዋት ሂዱ። ከሰዓት በርጫ ነው፣ ያኔ ሁሉንም ነገር እሺ ይላችኋል፣ ግን አይጽፈውም። የእናንተ ቀፎ ፍሬም አንድ ይዛችሁ ሂዱ፣ በእሱ ይለካ። ኮምፔንሳቶውን ከዋጋው ጋር አብራችሁ ተነጋገሩ። በሩን ጠባብ በሉት። ስትወስዱ ደግሞ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ክዳኑን በገመድ እሰሩ፣ የእኔ አንዱ ክዳን አወዳይ ላይ ወርዶ ጫት ሻጮች ናቸው ያቆዩልኝ።